እናቴ ድምፅዋን ከፍ ያደረገችበት ቀን

ባለፈው ወር ለቅሶ ለመድረስ ከአዳማ ወደ ደራ ወርጄ ነበር። የሞተችው የአጎቴ የከድር ሚስት አዴ ኡርጌ ናት። «አዴ» በእኛ አገር ኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የክብር ስም ነው። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ከስሟ ጋር አጣብቄ ስለጠራኋት፣ ያለ እሱ የእሷ ስም ጎዶሎ ይመስለኛል።

ዕድሜ ጠግባ ስለሞተች ለቅሶው የሚያቃጥል ዓይነት አልነበረም። ሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ስለ እሷ ያወጋሉ፤ አንዳንዴም ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ደግሞ ያሳፍራቸውና «አላህ ይዘንላት» ይላሉ። ሰሚራ የምትባለው የልጅ ልጇ ሻይ ስትቀዳ ቆይታ አጠገቤ ቁጭ አለችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አክስቴ ዘይቱና፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ እንጂ።»

«አያቴ ያኔ እናትዎን ናዝሬት ቃዲ ዘንድ የላከቻቸው በቅናት ነው ሲሉ እሰማለሁ። ራሷን እንዳልጠይቃት አፈርኩ። እውነት ነው?»

ያን ሁሉ ሰው በተቀመጠበት ምን ብዬ ልመልስላት? «ቅናትም ነበረበት፤ ቅናት ብቻ ግን አልነበረም» አልኳት። እሷም ጨዋ ልጅ ናትና አልጨቀጨቀችኝም። ማታ ቤቴ ስገባ ግን መልሴ አነሰብኝ። የአዴ ኡርጌ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አይደለም። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባቴ አማን የሞተው እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሊሆነኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተጀምሮ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ከዛፍ ሥር ፊደል የሚቆጥሩበት ጊዜ። ቤታችን ከደራ ከተማ ዳር፣ ሜዳው ወደ አዋሽ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት አጠገብ ነበረ። አባቴ ቦሎቄና በቆሎ ያርሳል፤ ትንሽ ሽንኩርትም ነበረው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲገባ፣ ኩሬው ሁሉ ትንኝ በሚያፈላበት ወቅት ወባ ያዘችውና ሳምንት ሳትቆይ ወሰደችው። የሽንኩርቱ ማሳ ገና አረንጓዴ ነበር። ቀብሩ ላይ የነበረው ሰው ብዛትና ያ የእርጥብ ሽንኩርት ሽታ ዛሬም አብረው ነው ትዝ የሚሉኝ።

እናቴ ሸምሲያ ከእኔና ጡት ካልተወው ከወንድሜ ከጀማል ጋር ቀረች።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እጅግ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ስትናገርም ከንፈሯን እያዩ ካልሆነ አይሰማም። ገበያ ስትሸጥ እንኳ ዋጋውን የምናገርላት እኔ ነበርኩ። አባቴ ይቀልድባት ነበር፤ «የሸምሲያን ድምፅ የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ልጆች ስትወልድ» ይል ነበር። እሷም አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ትስቃለች።

በእኛ ዘንድ ባል ሲሞት ሚስቱ ለሟች ወንድም ትተላለፋለች። በኦሮምኛ «ዳላ» ይሉታል፤ ውርስ ማለት ነው። ይህን ልማድ ዛሬ ስንሰማው ይከብዳል፤ የዚያን ጊዜ ሰው ግን ክፋት አድርጎ አያየውም። ልጆች እንዳይበተኑ፣ ቤት እንዳይዘጋ፣ ሴትዮዋ ሜዳ ላይ እንዳትወድቅ ነው ይላሉ። የአባቴ እናት ራሷ የተወረሰች ነበረችና በሁለተኛው ባሏ ቤት ደህና ኖራ ነው የሞተችው። ሽማግሌዎቹ የእሷን ታሪክ እንደ ምስክር ይጠቅሱት ነበር። ደህና ያልኖሩትን ግን ማንም አይጠቅስም።

አጎቴ ከድር የአባቴ ታላቅ ነው። ሥራ ወዳድ፣ ቁጡ፣ ግን ለዘመድ እጁ የማይታጠፍ ሰው። አባቴ ሲታመም በጀርባው ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሮጠው እሱ ነው። ሚስቱ አዴ ኡርጌ አራት ልጅ ወልዳለታለች፤ ቤታቸው ከእኛ ቤት በጎመን መደብ ብቻ የሚለይ ነበር።

የእናቴ የኢዳ ጊዜ፣ ባል የሞተባት ሴት ሳታገባ የምትቆይበት ማለት ነው፣ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጥር ላይ ነው፤ በቆሎው ተሰብስቦ አገዳው ብቻ ሜዳው ላይ ቆሟል። በር ላይ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠው እናቴን አስጠሩና አንደኛው፣ ፂማቸውን በሂና የሚያቀሉት ሽማግሌ፣ «ሸምሲያ፣ አማን ወንድሙን ትቶልሻል። ከድር አንቺንም ልጆቹንም ሊሰበስብ ወስኗል። ምን ትያለሽ?» አሏት።

እናቴ መሬት መሬት አየች። ጀማል ያለቅሳል። ምንም አላለችም።

«መርቀናል» አሉ። ተነሡ።

በዚያው ሰሞን የእኔም ነገር ተወሰነ። ከቡልቡላ ወደ ደራ ገበያ ከብት የሚነዳ አንድ ነጋዴ ነበር፤ ሁለት ሚስት ያለው። አጎቴን ጠየቀው፤ አጎቴም ቃል ሰጠው። ለእኔ የላከው ሻሽ ቤታችን ሲደርስ እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሻሹ ሐምራዊ፣ ጫፉ በወርቅማ ክር የተጠለፈ። እናቴ ተቀበለችና አጣጥፋ ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። እኔም አልጠየቅኳት፣ እሷም አልነገረችኝ። ቤቱ ዝናብ እንዳረገዘ ሰማይ ከብዶን ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ቦኖ ውኃ ላይ ነው። ወረፋ ጠብቀን ጀሪካናችንን ስንሞላ አዴ ኡርጌ ደረሰችና ከእናቴ ኋላ ቆመች። ሌሎቹ ሴቶች ራቅ እስኪሉ ጠበቀች።

«ሸምሲያ፣ ልብሽ ፈቅዷል?»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ እምቢ ማለቷ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

እናቴ እንደ ልማዷ በሹክሹክታ፣ «እምቢ ካልኩ ልጆቹን ጥለሽ ሂጂ ይሉኛል። ልጆቹ የጎሳው ናቸው ይላሉ» አለች።

አዴ ኡርጌ ጀሪካኗን አስቀመጠች። አባቷ ወደ ኢተያ በኩል ቁርአን የሚያስቀሩ ሼህ ነበሩ፤ እሷ ግን ሴት በመሆኗ ከደረሶቹ፣ ከተማሪዎቹ ጋር፣ አልቀራችም። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ጎመን እየከተፈች ነው የአባቷን ትምህርት የሰማችው።

«ስሚኝ» አለች። «አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሴት እንደ ከብት አትወረስም ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ይሄ ዳላ የምንለው የአባቶቻችን እንጂ የሃይማኖታችን ሕግ አይደለም። ትንሽ ልጅም ከእናቱ አይነጠልም። ናዝሬት ቃዲ አሉ፤ በሸሪዓ የሚፈርዱ። ሂጂና ንገሪያቸው።»

«እኔ? ቃዲ ፊት?»

«አንቺ። ሌላ ማን ይናገርልሻል?»

እናቴ ጀሪካኗን ተሸክማ እንደ ወትሮው ወደ ቤት አመራች። እኔ ግን ከኋላዋ ስሄድ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም ነበር። እምቢ ማለት የሚቻል ነገር መሆኑን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ።

የገበያ ቀን ጠብቀን ወጣን። እንደ ገበያተኛ ጥቂት ቦሎቄ በቁና ይዘን፣ ጀማል በእናቴ ጀርባ። አዴ ኡርጌ በማለዳ በጎመኑ መደብ በኩል መጥታ ጭኮ በቅል አስያዘችን፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ የመንገድ ሰው ስንቅ ነው። ቅቤው ገና አልረጋም ነበር። ገበያው ዳር ሽንኩርት የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና አገኘንና ሾፌሩ ከጆንያው ላይ አስቀመጠን።

ያኔ ከአገር አገር ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል፤ እኛ ደግሞ ወረቀት አልነበረንም። አዋሽ ድልድይ ላይ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ መኪናውን አስቆመና ቀና ብሎ፣ «እናንተ ወዴት ናችሁ?» አለ። እናቴ መለሰች፤ እሱ ግን አልሰማም። «ምን አልሽ?» ደግማ መለሰች። እኔ ጣልቃ ገብቼ፣ «ሕፃኑ ታሞብን ሐኪም ቤት ነው» አልኩ። ጀማልም እንደ ተመከረ ሁሉ በዚያች ቅጽበት አሳለና ጠባቂው በእጁ «እለፉ» አለ። ወንዙ ከሥራችን ቀይ ሆኖ ይፈሳል። ከማዶ ደግሞ ነፋሱ ሲመጣ ከወንጂ በኩል የሚፈላ የሸንኮራ ሽታ አመጣ። ያ ጣፋጭ ሽታ ከፍርሃቴ ጋር ተደባልቆ አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል፤ ዛሬም ነፋሱ በዚያ በኩል ሲመጣ ልቤ ትንሽ ይመታል።

ናዝሬት፣ ዛሬ አዳማ የምንላት፣ ለእኔ የዓለም መጨረሻ ትመስል ነበር። ጋሪው፣ የፈረሶቹ ቃጭል፣ በየአጥሩ የተንጠለጠለው ቀይ አበባ፣ የፉርኖ ዳቦ ሽታ። የእናቴ የአክስት ልጅ ቤት አረፍን። በማግስቱ እናቴ መስጊዱ አጠገብ ካለችው የቃዲው ክፍል ሄዳ ክሷን ተናገረች፤ በእርግጥ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ በጆሮዬ እየነገረችኝ። ጸሐፊው ሰማና ለአጎቴ መጥሪያ ላከ። ቀኑ ተቆረጠ።

በቀጠሮው ዕለት አጎቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። አንዱ እኚያ ፂማቸውን በሂና የሚያቀሉት ናቸው። አጎቴ እኛን ሲያይ ዓይኑን ወዲያ አዞረ። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ቤቱን ተዘርፎ ሲያገኘው የሚሰማው ዓይነት ግራ መጋባት ነበር። ከኋላቸው፣ በነጠላዋ ተሸፍና፣ አዴ ኡርጌ መጣች። አብራ እንድትመጣ የነገራት የለም። ባሏ በመጣበት መኪና ተሳፍራ፣ ከባሏ በተቃራኒ ልትመሰክር መጣች። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ እንደመጡ በኋላ ሰማን።

ክፍሉ ጠባብ፣ ቆርቆሮው የሚግል። አጥሩ ማዶ ቀበሌ ስለነበር የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ማርሽ ያስጮኻል። ቃዲው ቀጭን፣ ጠይም፣ እርጋታ ያላቸው ሰው ነበሩ። ስንገባ አንድ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አድርገው፣ «በዚህ ጆሮዬ አልሰማም። በዚያ ላይ ይሄ ጎረቤታችን አለ። ድምፃችሁን ከፍ አድርጉልኝ» አሉ። እኔ ልቤ ወደቀ። ዓለም ላይ ካሉ ቃዲዎች ሁሉ ለእናቴ የደረሷት መስማት የማይችሉት ሆኑ ብዬ።

ሽማግሌው ጀመሩ። ልማዱን፣ የሟችን ቤት፣ የልጆቹን ነገር፣ የከድርን ደግነት በሥርዓት ተናገሩ። ውሸት አልነበረበትም። በመጨረሻም፣ «ጠየቅናት፤ ዝም አለች። ዝም ያለች ሴት እሺ ብላለች፤ ወጉ ይኸው ነው» አሉ።

ቃዲው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዝምታ ለልጃገረድ ነው፤ ታፍራለችና። አግብታ የወለደች ሴት ግን አንደበቷን እንሰማለን። እኛን ያስተማሩን እንዲህ ነው።» ወደ እናቴ ዞሩ። «ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

እናቴ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አልሰማሁም።»

እኔ ልናገርላት አፌን ስከፍት ቃዲው መዳፋቸውን አነሡ። «አንቺ ቆይ። እሷን ነው የጠየቅኩት።»

እናቴ እንደገና ተናገረች። በገዛ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ፤ «አልፈልግም» ነው ያለችው። ማርሹ ግን ዋጠው።

«አልሰማሁም ልጄ። ድገሚው።»

እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቅ ድምፅ፣ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ወፍራም ድምፅ ወጣ።

«አልፈልግም! ከድር ወንድሜ ነው። ባሌ እንዲሆን አልፈልግም! ልጆቼንም አልሰጥም!»

ጀማል ደንግጦ ነቃና አለቀሰ። ማንም አላባበለውም። አጎቴ እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያያት ሰው ሆኖ ተመለከታት።

ቃዲው ምስክር አለ ወይ ሲሉ አዴ ኡርጌ ተነሣች። ሸምሲያ ቦኖ ውኃ ላይ ምን እንዳለቻት አንድ በአንድ ተናገረች። ሽማግሌው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህች የከድር ሚስት ናት። ጣውንት እንዳይመጣባት ቀንታ ነው» አሉ። ቃዲው «እውነት ነው?» ብለው ጠየቋት።

አዴ ኡርጌ ባሏን አየችና መለሰች። «እቀናለሁ፤ ሰው ነኝ። ከድር ሌላ ሴት ቢያገባ አለቅሳለሁ እንጂ እዚህ አልመጣም። የመጣሁት እሷ ስላልፈቀደች ነው። ልቧ ቢፈቅድ ኖሮ አልጋዋን ራሴ አነጥፍላት ነበር።»

ቃዲው ብዙ አላስቆዩንም። ሴት እንደ ዕቃ ወይም እንደ ከብት እንደማትወረስ፣ ሕፃኑም ከእናቱ ጋር እንደሚያድግ፣ አጎትየው የሟች ልጆች ንብረት ላይ ጠባቂ እንጂ ባለቤት እንዳልሆነ ረጋ ብለው አስረዱ። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ ቀና አለና፣ «እሺ፣ ሸምሲያስ ይሁን። የልጅቱ ነገርስ? ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ» አለ።

ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

ለደርዘን ሰው ዋጋ የምጮኸው፣ ድልድይ ላይ ለጠባቂው የመለስኩት እኔ፣ ምላሴ ከትናጋዬ ጋር ተጣበቀ። ቃዲው «ልጄ፣ አባት የለሽም፤ አጎት ያለ ፈቃድሽ ሊድርሽ አይችልም። ትፈቅጃለሽ?» አሉኝ። አጎቴ እያየኝ ነው። አባቴን በጀርባው የተሸከመ ሰው ነው።

ሽማግሌው ወዲያው ያዙት። «ይኸው ዝም አለች። እሷ ደግሞ ልጃገረድ ናት። የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ ነው፤ አሁን እርስዎ ራስዎ እንዳሉት።»

ቃዲው መልስ ከመስጠታቸው በፊት እናቴ ብድግ አለች። ማንም አልጠየቃትም፤ ማንም ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አላላትም።

«ዝምታዋ ፈቃዷ ከሆነ፣ እንግዲያው ትናገር!» ማርሹ አልተሰማኝም። ወደ እኔ ዞረች፤ እጄን ይዛ ነቀነቀችኝ። «ዘይቱና፣ ተናገሪ! እኔ እንደሆንኩት አትሁኚ። ተናገሪ!»

«አልፈልግም» አልኩ። «መማር ነው የምፈልገው።»

«ሰማሁ» አሉ ቃዲው። እጃቸውን ወደ ጆሯቸው እንኳ አላነሡም።

ስንወጣ አንድ ነገር አየሁ። ጸሐፊው በዚያ አይሰማም በተባለው ጆሯቸው በኩል ጎንበስ ብሎ፣ ቀጣዮቹን ላስገባ ወይ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃቸው። «አስገባ» አሉት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስበው ኖሬያለሁ። ምናልባት ከንፈሩን አይተው ይሆናል። ምናልባትም ሌላ ነው። ያም ሆነ ይህ እናቴን ሦስት ጊዜ ያስደገሟትን እኚያን ሰው ሳላመሰግናቸው የማልፍበት ረመዳን የለም።

ደጅ ላይ አጎቴ እናቴን ጠበቃት። «ሸምሲያ፣ በሰው ፊት ከምታዋርጂኝ፣ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም? ጨካኝ ነኝ?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ከድር?»

በቁጣ አልነበረም፤ በድሮው ድምፅዋ ነው ያለችው። እሱ ግን ሰማ። ከዚያ ጀማልን ከጀርባዋ ተቀብሎ አቀፈውና ከመንገድ ዳር ሸንኮራ ከምትሸጠው ልጅ ሁለት አገዳ ገዛ፤ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። የእሱ ይቅርታ ያ ነበር መሰለኝ፤ ወይም የእሱ ቁጣ ማብረጃ። ሸንኮራውን እያላመጥኩ አለቀስኩ።

የፈራነው ለአዴ ኡርጌ ነበር። ወደ ደራ በምትመለሰው መኪና ከባሏ ጎን ስትሳፈር እናቴ እጇን አልለቅ አለቻት። «እዚህ እደሪ» አለቻት። አዴ ኡርጌ ሳቀች። «ለልጆቼ እራት ማን ይሰጣቸዋል?» አለችና ወጣች። እኛ እዚያው ናዝሬት ቀረን። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሽንኩርት ይዛ ስትመጣ ሮጠን ተቀበልናት። እናቴ ፊቷን፣ ክንዷን ትመረምራለች። «ለጥቂት ቀን አላናገረኝም» አለች አዴ ኡርጌ። «ከዚያ አንድ ማታ፣ ‹አባትሽ እውነት እንዲህ ብለዋል?› አለኝ። ብለዋል አልኩት። ‹ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?› አለኝ። እኔም ሸምሲያ ያለችውን ደገምኩለት።» ሁለቱም ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

አጎቴ የቡልቡላውን ሰው ሻሽ ራሱ ወስዶ መለሰለት። ቃሉን ማጠፍ ለእሱ ዓይነት ሰው ቀላል አልነበረም። የአባቴንም መሬት ለእኛ እያረሰ በየመኸሩ እህላችንን በአህያ ጭኖ እስከ መኪናው ያመጣልን ነበር። የናዝሬት ኑሯችን ድሎት አልነበረም። እናቴ በገበያው አንድ ጥግ በርበሬና ሽንኩርት ሸጠች፤ ዋጋውንም ራሷ ትናገር ጀመር፤ ደንበኛ ሲከራከራት ግን አሁንም ዓይኗ እኔን ይፈልግ ነበር። እኔ ተማርኩ፤ ጤና ረዳት ሆንኩ። መንግሥት ከመደበኝ ቦታዎች አንዱ፣ የሰው ዕድል አስቂኝ ነው፣ ቡልቡላ ሆነ።

እዚያ ክሊኒክ ውስጥ አንድ ቀን ያ ሻሹን የላከልኝ ነጋዴ መጣ። ስሙን ካርዱ ላይ አይቼ አወቅኩት፤ እሱ እኔን አላወቀኝም። ጨጓራውን የሚያመው፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ስነግረው ጎንበስ ብሎ መረቀኝ። ከሄደ በኋላ መስኮቱ ላይ ቆሜ ወደ አቢጃታ ሐይቅ የሚወስደውን አቧራማ መንገድ አየሁ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበረም። ምናልባት ቤቱ ብገባ ደህና እኖር ነበር፤ እንደ አባቴ እናት። ያ ኑሮ ግን የእኔ አይሆንም ነበር፤ እኔ እሺ ያላልኩት ኑሮ ነውና።

እናቴ ከሞተች ቆየች። አጎቴም ሄደ። አሁን አዴ ኡርጌም ተከተለቻቸው፤ ከዚያች ክፍል ውስጥ ከነበርነው የቀረነው እኔና ያኔ ሕፃን የነበረው ወንድሜ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። የእኔ ዕድሜ እኩዮች የሆኑ፣ አብረውኝ ስድስተኛ ክፍል የነበሩ ልጆች አሉ፤ ሽማግሌ መጥቶ፣ መሬት መሬት አይተው፣ ዝም ብለው የሄዱ። አንዳንዶቹን በሥራዬ በኩል አግኝቻቸዋለሁ። ሳያቸው ከእኔ ያነሰ ድፍረት ነበራቸው ብዬ አላስብም። እኔም ዝም ብዬ ነበር።

ሕጉ እነሱ ዘንድም ነበረ። ቃዲውም ከእነሱ ደጅ ሩቅ አልነበሩም። የጎደላቸው ውኃ ሊቀዳ መጥቶ ከኋላቸው የሚቆምና «ልብሽ ፈቅዷል?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ለእኛ ግን መጣልን፤ አልሐምዱሊላህ።